ወንድሜ ባሕር ውስጥ ገብቶ ቀረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። እናታችን ካረፈች አራት ወር ሆናት። ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። በለቅሶው ሰሞን ሲሯሯጥ ነው የሰነበተው፤ ድንኳን ሲያስተክል፣ የእድር ወንበር ሲሸከም፣ ለለቀስተኛው ንፍሮና ውሃ ሲያድል። አንድም ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም። አርባዋ ከወጣ ወዲህ ግን ማታ ማታ አንድ ጌም ላይ ተጥዶ ነው የሚያመሸው። ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ባሕር ውስጥ ብቻውን የሚኖር ጠላቂ ነው፣ ልጁ ሞታበታለች። ጨረሰውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ባለፈው መብራት ሄዶ፣ የጠፋው ስክሪን ፊት እንደተቀመጠ አገኘሁት። አክስቴ ጸበል ይግባ ትላለች። እኔ ኮምፒዩተሩን ልሸጠው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ኮምፒዩተሩን አትሽጪው።

እንደነገርሽኝ ከሆነ ጌሙ «አንደር ዘ ዌቭስ» ነው። ፓራለል ስቱዲዮ የተባለ የፈረንሳይ ቡድን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ታሪኩ ወደ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ይወስድሻል፣ በአውሮፓ ሰሜን ባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ በተጧጧፈበት ጊዜ። ስታን የሚባለው ሰውዬ ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ የሚሠራ ጠላቂ ነው። ሴት ልጁን አጥቷል። ከሰው ርቆ ባሕሩ ወለል ላይ ባለች ጠባብ ቤት ብቻውን ይኖራል። ይነሳል፣ ከአለቃው ትእዛዝ ይቀበላል፣ በትንሿ ሰርጓጅ ወጥቶ የተበላሸ ነገር ይጠግናል፣ ተመልሶ ይተኛል። የሚተኮስ መሣሪያ የለም፣ የሚገደል ጠላት የለም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ሥራው አሰልቺ ነው። ቱቦ መክፈት፣ ቱቦ መዝጋት። ግን ሐዘን ያለበት ሰው ቀኑን የሚገፋው እንደዚያው ስለሆነ እኔ እንዲቀየር አልፈልግም።

የጌሙ ልብ ስልኩ ላይ ነው። ሚስቱ ኤማ ትደውልለታለች። እሷም እናት ናት፣ እሷም ያችኑ ልጅ ነው ያጣችው። እሱ ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ውሃ ውስጥ ተሸሽጓል። ሲያናግራት ድምፁን ብትሰሚው ደህና ነኝ የሚል ሰው ድምፅ ነው፤ ደህና እንዳልሆነ ግን ተጫዋቹ ያውቃል፣ ምክንያቱም ስታን ብቻውን ሲሆን የሚያየውን ነገር አብሮት አይቷል። መጨረሻውን አልነግርሽም፣ ወንድምሽ ይንገርሽ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ለቅሶ ላይ ወንድምሽ አላለቀሰም አልሽኝ። መቼ ያልቅስ? ወንበር ተሸክሞ? የኛ ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ያደርጋል፣ በዚህ እኮራለሁ። ግን የቤቱን ወጣት ወንድ አስተናጋጅ ያደርገዋል። ሁሉም «በርታ፣ አንተ ነህ አሁን ለእህትህ ያለኸው» እያለ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። ድንኳኑ ይነሳል፣ ወንበሩ ወደ እድሩ ይመለሳል፣ እንግዳውም ወደየቤቱ ይሄዳል። የሱ ሐዘን ያኔ ነው የሚጀምረው፣ ያኔ ደግሞ ቤቱ ጭር ብሏል። ስለዚህ ከሱ ቀድሞ ሰው የሞተበት፣ ዝም የሚል፣ የማይመክረው አንድ ሰው ፈለገ። ስክሪኑ ላይ አገኘው።

ይህ በሽታ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ጌሙ ሳይሆን መብራት ከሄደ በኋላ እዚያው መቀመጡ ነው። ያን ጊዜ ስታንም የለም፣ ባሕሩም የለም፣ እሱ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወንበር ሳቢና አጠገቡ ተቀመጪ። «አሁንም ይሄንኑ ነው?» እንዳትዪው። «ይሄ ሰውዬ ማነው? ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም?» ብለሽ ጠይቂው። ስለ እናታችሁ ቢጠየቅ አፉን ይዘጋል፤ ስለ ስታን ግን እንግሊዝኛውን እየተረጎመ፣ የቱ ጋ ኦክስጅን እንደሚያልቅበት እያሳየ ያወራሻል። ኤማ ስትደውል ፊቱን እይው። ስታን ለምን እውነቱን እንደማይነግራት ጠይቂውና ዝም በዪ። የሚመልስልሽ ስለ ራሱ ነው የሚሆነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እሱም ያውቀዋል። ካለቀሰ አታባብዪው። እቀፊውና አብረሽው አልቅሺ፣ ላንቺም እኮ እናትሽ ናት። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ራስሽ ሐዘን አንዲት ቃል አልጻፍሽም።

ቀን ቀን ደግሞ ከቤት አውጪው። ጠዋት ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲገቡ አሞራ ገደል ውረዱ፣ ትኩስ ሾርባ ጠጡ፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግራችሁ ተመለሱ። ዳር ላይ የተጣለውን ሀይላንድ ማየቱ አይቀርም፤ ጌሙ ውስጥ ስታን የባሕር ቆሻሻ እየለቀመ ነው ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ የሚሠራው። ሠሪዎቹ ባሕርን ከብክለት ከሚከላከለው ሰርፍራይደር ፋውንዴሽን ጋር ተባብረው ነው ያዘጋጁት። ወሬ ሲጠፋ ይህም ወሬ ነው።

ጸበሉን አክስትሽ ካሰበችው ይሂድ፣ ግን ሱስ ይዞታል ተብሎ ተጎትቶ አይሂድ። እምነቱ ካለው ያጽናናዋል፣ ሕክምና ካስፈለገም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ ከ6 ወር በኋላም ሰውዬው ኑሮውን መምራት ሲያቅተው ነው። እናንተ ገና አራት ወራችሁ ነው። ግን ምግብ ካቆመ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም «መኖር ምን ያደርግልኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ስድስተኛ ወር አትጠብቂ። በዚያው ቀን የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሽው ሂጂ። ብቻውን አትላኪው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የባሕር ጌም አምጪልኝ ብሎ ፋታ ነሳኝ። አያቱ በቅርቡ አርፈዋል፣ የሚያስፈራ ነገር አልፈልግም። (እናት፣ ከታቦር ሰፈር)

መልስ፦ ከላይ ያለው ለሱ አይሆንም። «አብዙ» የሚባለውን ፈልጊለት፣ ጃይንት ስኩዊድ የተባለ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው። ንግግር ስለሌለው ቋንቋ አይቸግረውም። ኦክስጅን አይቆጠርበትም፣ ተጫዋቹም አይሞትም። ሐውልት ላይ ተቀምጦ ዓሣዎቹን ዝም ብሎ ማየትም ይችላል፣ ልጆች እዚያ ላይ ብዙ ይቆያሉ። አንድ ነገር ብቻ እወቂ፦ ትልቅ ሻርክ አለ፣ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ይሞታል። እዚያ ሲደርስ አጠገቡ ሁኚ። ስለ አያቱ ከጠየቀሽ ሞተዋል ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ «ሩቅ አገር ሄደዋል» ካልሽው መቼ ይመለሳሉ እያለ ሲጠብቅ ይኖራል።