መልስ፦ አባቴ 60 ሊሞላቸው ነው፣ ጡረታ ያገኛሉ?
እህቴ፣ አባታችን ወልድያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት 4 ዓመት፣ ኮምቦልቻ በግል ፋብሪካ 7 ዓመት ስለሠሩ አገልግሎታቸው እንዳይበተን ሰግተሻል። አይበተንም፤ የመንግሥቱና የግሉ ይደመራል። በ60 ዓመት ለዘለቄታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት ይፈለጋል፣ እሳቸው 11 አላቸው። ካነሰ ግን አንዴ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነው። አበሉ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፤ አማካዩ 8,000 ብር ቢሆን 2,500 ብር ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ፋብሪካው ለጡረታ ከደመወዛቸው የቆረጠውን 7 በመቶ ከራሱ 11 በመቶ ጋር ገቢ አድርጓል ወይ? እባክሽ ሥራ ሳይለቁ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራቸውን ይዛችሁ አጣሩ። የወልድያውን የቅጥር ደብዳቤና መልቀቂያም ከወዲሁ ፈልጉ። የልደት ዘመን የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት ነው፤ ኋላ የተቀየረ መታወቂያ አይረዳም።