መልስ፦ በዊንተር መኪና ዋክስ ማድረግ
ሰላም ወንድሜ። ሚኒሶታ ውስጥ በዚህ ብርድ፣ ያለ ጋራዥ መኪናን ዋክስ (ቀለሙን የሚጠብቅ ሰም) ማድረግ ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ውጭ ላይ ባትሞክረው ይሻላል። ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን የጣሳው ዋክስ ይጠጥራል፤ ቶሎም አይደርቅም። ስትወለውለው ነጭ ዝንጉርጉር ይተውብሃል። መቼም ጋራዥ ያለው ጓደኛ አይጠፋም፣ ቅዳሜን ለምነው። መኪናው ገብቶ ቆርቆሮው ራሱ ለብ እስኪል ጠብቅ፤ የክፍሉ ሙቀት ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ከመንገድ የተጣበቀውን የበረዶ ማቅለጫ ጨው በደንብ እጠበው፣ አለዚያ በጨርቁ ቀለሙን ትሞነጫጭረዋለህ። የበሩን ጎማም አድርቅ፤ ሌሊት በረዶ ይሠራና ጠዋት በሩ እምቢ ይልሃል። ጊዜ ካጠረህ የሚረጨው ዋክስ ይቀላል፣ ስስ አድርገው። ደግሞ ጨው አጥብቆ የሚበላው ከስር ነው። እሱን ዋክስ አያድነውም፤ ከስር የሚረጭ ላቫጆ ግባ።