ሄሮድስ ንጉሥ ከነበረ ጲላጦስ ምን ነበር?

ጥያቄ፦ በሰሙነ ሕማማት ወንጌል ሲነበብ አንድ ነገር ግራ ያጋባኛል። ሕፃናቱን ያስፈጀው ሄሮድስ «ንጉሥ» ተብሏል፤ በጌታ ላይ የፈረደው ግን ሮማዊው ጲላጦስ ነው፤ እርሱ ደግሞ መልሶ ወደ ሄሮድስ ይልከዋል። አገሩ የሮም ከነበረ ንጉሥ ከየት መጣ? ሄሮድስስ ስንት ነው?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጠያቂያችን እንደጠረጠሩት ሄሮድስ አንድ ሰው አይደለም። ሕፃናቱን ያስፈጀው ታላቁ ሄሮድስ ሲሆን፣ ጲላጦስ ጌታን የላከበት ልጁ ሄሮድስ አንቲጳስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ያዕቆብን በሰይፍ ያስገደለው የታላቁ ሄሮድስ የልጅ ልጅ ቀዳማዊ አግሪጳ ነው።

ሮማውያን ኢየሩሳሌምን የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት፣ በሮማዊው የጦር አዛዥ በፖምፔዮስ ዘመን ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሄሮድስን ከልደት በፊት በ40 «የአይሁድ ንጉሥ» ብሎ የሾመው የሮም ሸንጎ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌም በፓርቶች (በፋርስ በኩል በነበሩት የሮም ጠላቶች) በተደገፈ ተቀናቃኙ እጅ ስለነበረች በሮማ ጦር ታግዞ የገባባት ገና በ37 ነው። ደጋፊው ሮማዊው መሪ አንቶንዮስ በኦክታቭያኖስ (በኋላ አውግስጦስ ቄሣር በተባለው) በተሸነፈ ጊዜ ሄሮድስ ወደ ሮዶስ ደሴት ሄዶ ዘውዱን አውልቆ በአሸናፊው ፊት ቆመ፤ ኦክታቭያኖስም መልሶ እንዲደፋው ፈቀደለት። ዘውዱ የማን እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለኝም።

ሮም እንዲህ ያለውን ንጉሥ የወደደችው የአገሩን ልማድ ስለሚያውቅ፣ በራሱ ወጪ ጦር ስለሚያቆምና ድንበር ስለሚጠብቅ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ ገብረው አገራቸውን ማስተዳደር እንደቀጠሉ ሁሉ፣ እርሱም በውስጥ ጉዳዩ ጌታ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ቄሣር ፈቃድ ዘውዱ ለልጅ አይተላለፍም። ሄሮድስ ከልደት በፊት በ4 ዓመት ሲሞት ኑዛዜው ወደ አውግስጦስ ቀረበ፤ የአይሁድ መልእክተኞችም ከሄሮድስ ቤት አገዛዝ ወጥተው ከሶርያ ጋር እንዲጠቃለሉ ለመለመን ሮም ድረስ ሄዱ። ታሪክ ጸሐፊው ፍላቭዮስ ዮሴፍ እንደሚለው፣ በዚያው በሮም ከሚኖሩት አይሁድ ከ8,000 በላይ የሚሆኑት አብረዋቸው ቆመዋል። አውግስጦስ ግን ግዛቱን ለሦስት ልጆች አከፋፈለው፤ ንጉሥ የሚል ማዕረግም ለአንዳቸውም አልሰጠም። አንቲጳስ በሉቃስ 3፥1 «የአራተኛው ክፍል ገዥ» የተባለው ለዚህ ነው።

ይሁዳ የደረሰው ከሦስቱ ልጆች ለአንዱ፣ ለአርኬላዎስ ነበር፤ እርሱ በ6 ዓ.ም. ተሽሮ ወደ ጋሊያ (ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ) ሲጋዝ አገሩ በሮማዊ አገረ ገዥ እጅ ገባ። ጲላጦስ ከ26 እስከ 36 ዓ.ም. የያዘው ይህንኑ ሹመት ነው፤ መቀመጫው በባሕሩ ዳር በቂሣርያ ነበርና ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይም በ1961 የተገኘው እዚያው ነው። ጌታ ከገሊላ፣ ከአንቲጳስ ግዛት፣ መሆኑን ሲሰማ ወደ እርሱ መላኩም ከዚህ የተነሣ ነው።

የአገዛዙ ክብደት በግብር ብቻ አይለካም። የሊቀ ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ በቤተ መቅደሱ አጠገብ ባለው የአንቶንያ ምሽግ፣ በድንጋይ ክፍል ውስጥ በካህናቱ ማኅተም ታሽጎ ይቀመጥ ነበር፤ የጥበቃው አዛዥም በየዕለቱ መብራት ያበራለታል። በዓል ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው ይወጣል፣ ይነጻል፤ በዓሉ ከተከበረ በኋላም ይመለሳል። የወታደሩ መልካም ፈቃድ ሳይኖር ሊቀ ካህናቱ ለብሶ አይቀድስም ማለት ነው፤ እኔ ከቀረጡ ይልቅ ይህ ያስመርር ነበር ባይ ነኝ። ልብሱን በ30ዎቹ ዓመታት የመለሰላቸው የሶርያው ገዥ ቪቴልዮስ ነው።

ቄሣር ቀላውዴዎስ በ41 ዓ.ም. ይሁዳን ለአግሪጳ ሰጥቶ ንግሥናን መለሰ፤ አግሪጳ በ44 ሲሞት አገሩ ዳግመኛ ለአገረ ገዥዎች ሆነ። ልጁ ዳግማዊ አግሪጳ ከይሁዳ ውጭ እየነገሠ በቤተ መቅደሱና በሊቀ ካህናት ሹመት ላይ ሥልጣን ተሰጠው። ስለዚህ የጳውሎስ ጉዳይ በቂሣርያ በቀረበ ጊዜ አገረ ገዥው ፊስጦስ የአይሁድን ክርክር ስላልገባው ንጉሡን አማከረ። ንጉሡም ሰውየው ወደ ቄሣር ይግባኝ ባይል ኖሮ ሊፈታ ይችል እንደነበር ተናገረ፤ ጳውሎስ ግን ወደ ሮም ተላከ።