ለሶስት ቀኑ የሆቴል ስልጠና ከመክፈልህ በፊት

የቡሬው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አብረውህ ሲሰሩ በነበሩ ሰዎች ላይ የፈረቃ ኃላፊ ተደርገሃል። ድርጅቱ "ስልጠናውን ራስህ ፈልግ፣ ወጪውን እንመልሳለን" ብሎሃል። አንተ ደግሞ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚሰጠውን የሶስት ቀን የአመራር ስልጠና ልውሰድ ወይስ ቅዳሜና እሁድ እየተቆራረጠ የሚሰጠውን ረጅሙን ልጠብቅ ነው ያልከው። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች "ሁለቱም ጥሩ ነው፣ እንደ ኪስህ" ብለዋል። አይደለም። ሁለቱንም ወስጃቸዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሽያጭና ስርጭት ኃላፊ ነኝ፤ እኔም እንዳንተው ከባልደረቦቼ መሀል ነው ተነስቼ የተሾምኩት። ስለዚህ አመራር ምንድን ነው፣ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ትቼ ቀጥታ ወደሚያስጨንቅህ ልግባ።

1. ከመመዝገብህ በፊት አለቃህን ደብዳቤ አጽፈው። "ሰልጥኖ ይምጣ" የሚል ብቻ አይበቃም። ከስልጠናው በኋላ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ አንድ ሁለት ነገር ይጻፉበት። ለምሳሌ የፈረቃ ርክክብ ላይ ያለው ጭቅጭቅ እንዲቀንስ። ወጪው በህጋዊ ደረሰኝ እንደሚመለስም ይጻፍ። እኔ ይህ ደብዳቤ ባይኖረኝ ኖሮ ገንዘቤ ቀልጦ ይቀር ነበር።

2. ደረሰኙን ቀድመህ ጠይቅ። የድርጅትህ ስምና የቲን ቁጥር ያለበት፣ ሂሳብ ክፍል የሚቀበለው ደረሰኝ። ይህን ስል ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

የአሰልጣኙን ድርጅት ስም እዚህ አልጠራም። ማስታወቂያቸው ቴሌግራም ላይ ነው የደረሰኝ። የታወቀ አሰልጣኝ ፎቶ አለበት። "ከ25 ሰው በላይ አንቀበልም" ይላል። ሙሉውን ክፍያ በባንክ አስቀድመሽ አስገቢ አሉ፣ አስገባሁ። አባይን ተሻግሬ ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወንበር ከሌላ ክፍል እየተሸከሙ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ጠዋት ብቅ ብሎ መክፈቻ ንግግር አደረገ፣ ከኛ ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። እስከ ሶስተኛው ቀን አላየነውም። በሱ ቦታ የቆሙት ሞቲቬሽናል ስፒከሮች ናቸው። ተነሱ፣ አጨብጭቡ፣ ለጎናችሁ ላለው ሰው "አንተ መሪ ነህ" በሉት። እኔ እኮ ስራዬን ትቼ ነው የመጣሁት! እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ፦ በስሬ የሚሰራ የአባቴ እኩያ ሰው አለ፣ መኪና ሳይጫን መጋዘን ይዘጋል፣ እንዴት ልናገረው? "ራዕይሽን አጋሪው" አለኝና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

ሲያልቅ ሰርተፍኬትና አንድ ተራ የገንዘብ መቀበያ ወረቀት ሰጡኝ። ቲን የለበትም፣ የድርጅቴ ስም የለበትም። ማርቆስ ያለችው የሂሳብ ሰራተኛችን ይህን እንደማትነካው አውቃለሁ፤ ልክም ናት። ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ "ሰርተፍኬትሽን ወስደሻል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ደረሰኝ ስላት ስራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። ጠበቅኩ። አይወጣም፣ ነገ ነይ ተባልኩ። ነገ ስሄድ ደግሞ "እናንተ ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ሰዎች ታስቸግራላችሁ" የሚል ነገር ከዚያችው አፍ ወጣ። ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ገንዘብ ሲቀበሉ ክፍለ ሀገር መሆኔ አላስቸገራቸውም።

ያን ጊዜ ደብዳቤዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ህጋዊ ደረሰኝ ካልተሰጠኝ ከዚህ ቀጥታ ገቢዎች ነው የምሄደው አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ስብሰባ ላይ ነው የተባለው ሰውዬ ከጎን በር ወጣ፣ ደረሰኙም ወዲያው ተቆረጠ። ጉልበት የሆነኝ የያዝኩት ወረቀት ነው። አንተም ይዘህ ሂድ።

3. አሰልጣኙን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ከስልጠናው በኋላ ምኑን ነው የምትለኩት? ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ስልጠና በአራት ደረጃ ይመዘናል ብሎ ጽፏል። ሰልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ስራው ላይ አዋለው ወይ? ድርጅቱ ላይ ውጤት መጣ ወይ? እስከ ዛሬ የስልጠና ሰዎች የሚሰሩበት ነው። የሆቴሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚለኩት። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት አዳራሹ ተመችቷችኋል ወይ፣ ምግቡ እንዴት ነበር የሚል ወረቀት ያድላሉ። ሰዉም ለመንገድ ቸኩሎ "በጣም ጥሩ" ላይ ምልክት አድርጎ ይወጣል። ሶስተኛውን እንዴት እንደሚያዩ ስትጠይቃቸው ቃል ካጠራቸው ስልኩን ዝጋው።

አበል ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ግድ አይሰጠውም፤ አበሉን ተቀብሎ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። አንተ ግን ሰኞ ጠዋት ፈረቃ የሚጠብቅህ ሰው ነህ።

4. ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን ውሰድ። በቃ። እኔ የወሰድኩት ባህር ዳር ነው። እየተቆራረጠ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ በየመሀሉ ወደ ስራችን እየተመለስን የቤት ስራ እንሰራለን። መቆራረጡ ነው ጥቅሙ። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ የተጠና ነገር ካልተደገመ አብዛኛው በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። በሶስት ቀን የተጋተ ነገር ደጀን ላይ ሳትደርስ ይጠፋል።

አሰልጣኛችን ራሱ ፋብሪካ ያስተዳደረ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ያችን ሆቴል ውስጥ ያልተመለሰች ጥያቄ ለሱም አቀረብኩለት። መልስ አልሰጠኝም፣ የቤት ስራ ሰጠኝ። ለሰው ስለ ስራው ስትናገሪ ሶስት ነገር ብቻ ተናገሪ አለ፦ መቼና የት እንደሆነ፣ ዓይንሽ ያየውን፣ ያስከተለውን። ስለ ሰውየው ጠባይ ምንም አትበይ። ሴንተር ፎር ክሪኤቲቭ ሊደርሺፕ የሚባል የአሜሪካ ተቋም የሚያስተምረው ዘዴ ነው። ስሰማው ቀላል መሰለኝ። ጎጃም ውስጥ ግን ቀላል አይደለም።

የመጋዘን ኃላፊያችንን ጋሼ ነው የምላቸው። ደብረ ኤልያስ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ከኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ሰው በተሰበሰበበት "አንዳንድ ሰው ሰዓት አያውቅም" እያለ በአሽሙር ይወጋቸው ነበር። ቅኔ ለተማረ ሰው አሽሙር ትልክበታለህ? እጥፉን አድርገው ነው የሚመልሱት፣ ያውም ሰው እያሳቁ። መኪናው ግን አሁንም ሳይጫን ያድራል። እኛ አካባቢ ነገርን ሸፍኖ መናገር ጨዋነት ነው፤ ለቤተሰብና ለጎረቤት ይሁን፣ ደስ ይላል። ስራ ላይ ግን ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይዞ ይሄዳል፣ ቂሙም እዚያው ያድራል።

እኔ ጠዋት መጋዘኑ ሳይከፈት ለብቻቸው አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ፣ በእርስዎታ፣ እንዲህ አልኳቸው፦ "ጋሼ፣ ማክሰኞ ከሰዓት የሞጣው መኪና ሳይጫን መጋዘኑ ተዘጋ። ሾፌሩ እዚሁ አደረ። ደንበኛው ደውሎ ከሌላ እገዛለሁ አለኝ። ምን ገጥሞዎት ነው?" ከዚያ ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ፤ አሰልጣኙ ዝምታውን አትሙይው ስላለኝ ቻልኩት። እሳቸውም ተናገሩ። ለካ ቢን ካርዱን፣ የንብረቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ በሙሉ ብቻቸውን በእጅ ነው የሚያወራርዱት። እስከ ማታ ሲጭኑ ከዋሉ ሂሳብ ይዛባል፣ ጉድለት ቢመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በጊዜ ዘግተው ይቆጥራሉ። ረዳት ይሰጠኝ ብለው በተደጋጋሚ አመልክተዋል፣ የሰማቸው የለም። ሰነፍ የተባሉት ሰውዬ ጠንቃቃ ነበሩ! ከሽያጭ አንዲት ልጅ ለከሰዓት መደብኩላቸው። መኪና ማደር ቀረ። ዛሬ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን ቆጠራ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔም በዚህ እኮራለሁ።

ይህን ጽፌ ክፍል ውስጥ አቀረብኩ። ሌሎቹም የየራሳቸውን አቀረቡ። አንዱ የባንክ ሰው ነው፣ አንዷ የግል ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነች። ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ከነሱ የሰማሁት ይበልጣል።

5. ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ አትምራ። ኸርሲና ብላንቻርድ የሚባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ሀሳብ አለ፤ ሰውዬው ለዚያ ስራ ያለውን ችሎታና ፍላጎት እያየህ አመራርህን ቀይር ነው የሚለው። አዲስ ተመራቂውን እያንዳንዷን እርምጃ እያሳየህ አሰራው። ማሽኑን ከነድምፁ የሚያውቀውን ቴክኒሻን ግን ውጤቱን ንገረውና ዞር በል። ልብ በል፣ አንድ ሰው በአንዱ ስራ አዋቂ ሆኖ በሌላው ጀማሪ ሊሆን ይችላል። የኛ ቴክኒሻን ወፍጮው ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ሪፖርት ጻፍ ሲባል ግን እጁን ይዞ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። አብረውህ የነበሩት ልጆች ላይም ይሄ ይሰራል። ሁሉንም "እንደ ድሮው ጓደኞች ነን" ብለህ ብትለቃቸው ጀማሪው ይጎዳል፤ ሁሉንም ብትቆጣጠር ነባሩ ያኮርፋል።

ስልጠናው ላይ ባልደረቦችህ ስለ አንተ የሚሞሉት መጠይቅ ሊያመጡልህ ይችላሉ፣ ከአለቃም ከበታችም ከእኩያም አስተያየት የሚሰበሰብበት። ውጭ ሀገር ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን ሰው ግምገማ ነው የሚመስለው። ግምገማ ምን እንደነበር መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ግማሹ "ጎበዝ ናት" ብሎ ይመልሳል፣ ግማሹ የቆየ ሂሳብ ያወራርድበታል። እኔ ወረቀቱን ትቼ አንድ በአንድ እየጠራሁ "ስራህ እንዲቀል እኔ ማድረግ ማቆም ያለብኝ ምንድን ነው?" ብዬ ነው የጠየቅኩት። አንዱ ሾፌር "በስልክ አትከታተይኝ፣ መንገድ ላይ አንስቼ ማውራት አደጋ ነው" አለኝ። ትክክል ነው፤ ያን ቀን አቆምኩ። የካይዘን (የስራ ማሻሻያ) ሰሌዳችሁ ፊት ፈረቃ ስትረካከቡ ግን እንዲህ ያለውን አትጠይቅ። ሰው ፊት ማንም እውነቱን አይነግርህም።

ስለ ጊዜውም ልበል። ከህዳር እስከ ጥር አትመዝገብ። እህል የሚገባበት ወቅት ነው፣ ስልክህ አያስቀምጥህም፣ አለቃህም በሁለተኛው ቅዳሜ ይጠራሃል። ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። መንገዱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ክፍል ቢያመልጠኝ እንዴት ይካካስልኛል ብለህ ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ኦንላይን እንሰጥሃለን ካሉህ ኔትወርክ ሲጠፋስ በላቸው።

እኔ አንተን ብሆን ከቡሬ በእንጅባራ በዳንግላ አድርጌ በየሳምንቱ ባህር ዳር ከመመላለስ ሌላ ነገር እሞክር ነበር። ቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥም ከፓርኩ ውጭም ፋብሪካ አለ። እንዳንተ አዲስ ኃላፊ የሆነ ሰው በየፋብሪካው አይጠፋም። ስምንት አስር ሆናችሁ ተሰባሰቡና አሰልጣኙን እናንተ ጋ አምጡት። የሱ ትራንስፖርትና አልጋ ለሁላችሁ ሲካፈል ከእያንዳንዳችሁ መመላለስ ያንሳል። ዋናው ደግሞ የቤት ስራችሁን ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ማየት ይችላል። ሰው ካገኘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የኛን አሰልጣኝ አነጋግሬ ስልኩን እልክልሃለሁ። ሳትስማሙ ግን ለማንም ቅድሚያ ክፍያ እንዳታስገባ፤ የሆቴሎቹ ሰዎችም ምዝገባ ነገ ያበቃል ቢሉህ ተዋቸው፣ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ማስታወቂያ መልሰው ይለጥፉታል።