ስለ ቲዩብ አምፕ ስታንድባይ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጊታር አምፕ ጥገና ስራዬ ነው። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ስታንድባይ፣ ማለትም በቲዩብ (የሚግል የመስታወት ቱቦ) የሚሰራ አምፕ ላይ ከዋናው ሌላ ስላለው ሁለተኛ ማብሪያ፣ ስለሆነ እዚሁ አንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል። አስቀድሜ ግን አደራ፦ አምፑን ከሶኬት ነቅላችሁም ቢሆን አትክፈቱት። ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ውስጥ የሚቀረው ቮልት ሰው ይገድላል።

ስድስት ክር፦ ጋሼ፣ ስታንድባይ የሚያጠፋው ምኑን ነው?

መልስ፦ ዋናውን ስታበራ ቲዩቦቹን የሚያሞቀው 6.3 ቮልት ይሄዳል። ከኋላ ቀላ ብሎ የሚታይህ እሱ ነው። ስታንድባይ የሚቆርጠው ከፍተኛውን ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልት ነው፣ በትልልቆቹ አምፖች 400 እና ከዚያም በላይ። ቲዩቡ ይግላል፣ ድምፅ ግን የለም።

ሪፍ፦ ቲዩቡ ሳይሞቅ ቮልት ከደረሰው ካቶዱ (ውስጡ ግሎ ከረንት የሚያወጣው ክፍል) ይላጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄን ወሬ ስሰማ ያናድደኛል። በብዙ ሺህ ቮልት የሚሰሩ የሬዲዮ ማሰራጫ ቲዩቦች ላይ የሚያሰጋ ነገር ነው እንጂ የጊታር አምፕ እዚያ አይደርስም። የድሮዎቹ ራዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች በቲዩብ ነበር የሚሰሩት፣ ስታንድባይ ያለው ራዲዮ ማን ቤት አይታችኋል? አምፕ ሰሪው ፌንደር ራሱ ትንንሾቹ አምፖቹ ቻምፕና ፕሪንስተን ላይ አላደረገውም። ቤዝማን የሚባለው ትልቁ ላይ አደረገው፣ በ1962 ሌላው አምፕ ሰሪ ማርሻል ጄቲኤም 45 የሚባለውን አምፕ ሲሰራ የቤዝማንን ሰርኪዩት ስለወሰደ ማብሪያውም አብሮ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ጊታሪስቱ ሁሉ ካላየው አምፕ የጎደለበት መሰለው።

የሚጎዳው ተገላቢጦሹ ነው። ካቶዱ እየጋለ ከረንት ሳይወጣበት ለሰዓታት ሲቆይ ላዩ ላይ ከረንት የሚያግድ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፣ ቲዩቡም እየደከመ ይሄዳል። ማብሪያውም ቢሆን ይጎዳል። አብዛኛው ለ250 ቮልት ኤሲ (እንደ ሶኬቱ ያለ) የተሰራ ነው፣ እዚህ ግን ከ400 በላይ ዲሲ ነው የሚቆርጠው። ተቃጥለው የሚመጡልኝን ስፈታቸው ውስጥ ያለው መዳብ ጠቁሮ፣ ጫፉ ተበልቶ አገኘዋለሁ።

ማታ ማታ፦ ክለብ ውስጥ በእረፍት ሰዓትስ?

መልስ፦ ለሩብ ሰዓት ስታንድባይ ብታደርገው ችግር የለውም። ቮልዩሙን ዜሮ ብታደርግ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ስፒከሩን እንዳትነቅል ብቻ። ያለ ስፒከር የሰራ አምፕ ወደ ስፒከሩ የሚያወጣው ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ቤዚስቷ፦ አበራሩና አጠፋፉ እንዴት ነው ታዲያ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን አብሪ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ ከዚያ ስታንድባዩን ክፈቺ። ስታጠፊ ስታንድባዩን ሳትነኪ ዋናውን ብቻ አጥፊ። ድምፁ ቀስ እያለ ሲሞት ትሰሚያለሽ፣ ካፓሲተሮቹ በሞቁት ቲዩቦች በኩል እየተራገፉ ነው። ያም ሆኖ የአምፑ ሳጥን አይከፈትም!

ዲሲ ነኝ፦ ከአሜሪካ የ120 ቮልት አምፕ ይዤ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ስታንድባዩ ከ220ው ያድነዋል?

መልስ፦ በፍጹም። ማውረጃ ትራንስፎርመር ግዛ።

ሪፍ፦ 100 ዋት ማውረጃ ይበቃዋል።

ስድስት ክር፦ አይበቃም ወንድሜ። 50 ዋት የሚባል ቲዩብ አምፕ ከሶኬት የሚስበው ከ100 ይበልጣል።

ሪፍ፦ የኔ እኮ እየሰራ ነው።

ስድስት ክር፦ በእጅህ ንካው እስኪ፣ ይግላል አይደል? ደግሞ አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 50። ለ60 ብቻ የተሰራ ትራንስፎርመር እዚህ ሙቀቱ ይጨምራል።

መልስ፦ ስድስት ክር ልክ ነው። ከአምፑ ጀርባ የተጻፈውን ዋት እዩ፣ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ ግዙ። ወደ ስታንድባይ እንመለስ።

ናቲ ጊታር፦ የኔ አምፕ ድምፁ ልክ አይደለም፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የቱ አምፕ? ምን ዓይነት ድምፅ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ሙዚቃ ወዳጅ፦ ቲዩቡ ዕድሜ እንዲኖረው ቀኑን ሙሉ ስታንድባይ ላይ ባቆየውስ?

መልስ፦ ከላይ ጻፍኩት እኮ! ያደክመዋል። ካልተጫወትክ አጥፋው።

ቤዚስቷ፦ መብራት ድንገት ሲሄድስ?

መልስ፦ ዋናውን አጥፊና ከሶኬት ንቀይ። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ስታንድባይ ከዚህ አያድንም። ከተረጋጋ በኋላ መልሰሽ ሰኪው።

ናቲ ጊታር፦ አምፔ ትንሽዬ ፌንደር ቻምፕ ነው፣ ስታንድባይ የለውም። ላስገጥምለት?

መልስ፦ አታስገጥም። ድምፁ ምን እንደሆነብህ ግን አሁን በደንብ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ያጉረመርማል፣ ይንጫጫል፣ ወይስ ይቆራረጣል?