ዘውድ የሌለው ሳንቲም፦ ስለ ብሪታንያና አየርላንድ የድሮ ገንዘብ ጥያቄና መልስ

የእነዚህን ሁለት ደሴቶች የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ግማሹ ጥያቄ ስለ ሳንቲም፣ ግማሹ ስለ ነጻነት ሆኖ መጣ። አልተከፋሁም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ ፔኒ፣ ሽልንግ፣ ፍሎሪን፣ ክራውን ሲባል ራሴ ይዞራል። ሒሳቡ እንዴት ነው?

መልስ፦ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ። ፓውንዱ 240 ፔኒ ሆነ ማለት ነው። ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ፣ ፍሎሪን ሁለት ሽልንግ፣ ግማሽ ክራውን ሁለት ሽልንግ ተኩል ነው። በ1971 ሁለቱም አገሮች በአንድ ቀን ወደ መቶ ቤት ሒሳብ ዞሩ። ሰብሳቢ ካልሆኑ በስተቀር ይህን ሁሉ ቢረሱት አይጎዱም።

ጥያቄ፦ የአየርላንድ ሳንቲሞች ላይ ዶሮና አሳማ አየሁ። መንግሥት እንዴት አሳማ በገንዘቡ ላይ ያትማል? ንጉሥ ወይም ጀግና አጥተው ነው?

መልስ፦ ሆን ብለው ነው። አየርላንድ በ1922 ነጻ ግዛት ስትሆን የለንደኑ ንጉሥ በሕግ ገና የበላይዋ ነበር። ካናዳ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካም በዚያው ደረጃ ሳሉ ሳንቲማቸው ላይ የንጉሡን ራስ ያትሙ ነበር። አየርላንዶች ግን በ1928 ባወጡት የመጀመሪያ ሳንቲማቸው ዘውዱን ከሕገ መንግሥታቸው ሳያወጡ ከኪሳቸው አወጡት።

በምትኩ ምን ይግባ የሚለውን እንዲያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ያኔ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ገጣሚው ደብልዩ ቢ ዬትስ ነበር። ጀግና ቢያስቀምጡ የትኛው ጀግና? አገሪቱ ከእርስ በርስ ጦርነት ከወጣች ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ የአንዱ ጀግና የሌላው ወንድም ገዳይ ነው። እንስሳ ግን የማንም ወገን አይደለም። ስለዚህ ሣንቲሞቹን ለገበሬው ከብትና ለአገሩ አውሬ ሰጧቸው። ፋርዲንጉ ላይ ምንቃረ ረጅም የጫካ ወፍ፣ ግማሽ ፔኒው ላይ እናት አሳማ ከነግልገሎቿ፣ ፔኒው ላይ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ ሦስት ፔኒው ላይ ጥንቸል፣ ስድስት ፔኒው ላይ ተኩላ አዳኝ ውሻ፣ ሽልንጉ ላይ ኮርማ፣ ፍሎሪኑ ላይ ሳልሞን ዓሣ፣ ግማሽ ክራውኑ ላይ ፈረስ ተቀረጸ። የሃይማኖት ምልክት የለበትም፣ አረመኔያዊ ነው ብለው የተቆጡም ነበሩ።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። አሳማዋ መጀመሪያ በተቀረጸች ጊዜ የግብርና ባለሙያዎች ጥሩ ዝርያ አትመስልም ብለው እንድትስተካከል አደረጉ። ዬትስ የመጀመሪያዋ ታምር ነበር ብሎ አዝኗል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ አሳማን ለኤግዚቢሽን ሲያስውቧት ሕይወቷ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የነዚህ ሳንቲሞች ቀራጭ እንግሊዛዊ እንደሆነና የተመቱትም ለንደን እንደሆነ አነበብኩ። ገንዘቡን በቀድሞ ገዥው ቤት የሚያስመታ አገር ነጻ ወጣሁ ሲል አያስቅም?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። ቀራጩ ፐርሲ ሜትካፍ የዮርክሺር ሰው ነው። ከአየርላንድ፣ ከስዊድን፣ ከጣሊያንና ከአሜሪካ ቀራጮች ጋር ተወዳድሮ፣ ስም ሳይታይ ሥራው ተመርጦ አሸነፈ። ሳንቲሙም ለንደን በሚገኘው የንጉሡ ገንዘብ ማምረቻ ተመታ።

ከመሳቅዎ በፊት ግን ቤታችንን እንይ። የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት የ1887 ዓ.ም. ብር የተመታው ፓሪስ ነው፤ የማምረቻውን ምልክት፣ ትንሿን የላቲን ፊደል ኤ፣ ፈልገው ማየት ይችላሉ። በእኛ ገበያ ስንት ዘመን የገዛው ማርያ ቴሬዛ ብርማ የኦስትሪያ ንግሥት ፊት ነው፤ ከ1936 ጀምሮ ለንደንም መትታዋለች፣ ያውም ንግሥቲቱ የሞተችበትን 1780 እንደያዘ። በዚህ ምክንያት አድዋ ያሸነፈ አገር ነጻ አልነበረም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። እኔ የምጠይቀው ማሽኑ የት ቆሟል ሳይሆን ምስሉን ማን አዘዘ የሚለውን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መልስዎ ምስሉ ላይ ብቻ ቆመ። የገንዘቡ ዋጋስ? የአየርላንድ ፓውንድ ከእንግሊዙ ጋር የታሰረ አልነበረም?

መልስ፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ እጅ እሰጣለሁ። ከ1928 ጀምሮ አንዱ ፓውንድ በአንዱ ፓውንድ ይመነዘር ነበር፤ የእንግሊዝ ሳንቲምም ደብሊን ሱቅ ውስጥ ያለ ጥያቄ ያልፍ ነበር። በ1967 ለንደን የፓውንዷን ዋጋ ስትቀንስ የደብሊኑም አብሮ ወረደ። አገሪቱ በ1949 ሪፐብሊክ ስትባል እንኳ ሳንቲሙ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ማሰሪያው የተበጠሰው በመጋቢት 1979፣ አየርላንድ ወደ አውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ገብታ ብሪታንያ ስትቀር ነው። ሰብሳቢ ይህንን በእጁ ይዳስሰዋል፦ እስከዚያ የሁለቱ አገሮች ሳንቲሞች በመጠን እኩያ ነበሩ፤ የ1986ቱ የአየርላንድ 20 ፔኒና የ1990ው ባለ ቀይ አጋዘን አንድ ፓውንድ ግን የእንግሊዙን አይመስሉም። በዚያ ስሌት ነጻነቱ 50 ዓመት ዘገየ ብትለኝ አልከራከርህም። በ2002 ደግሞ ዩሮ መጥቶ ፓውንዱን ራሱን ወሰደው፤ እዚያ ላይ ለመከራከር ግን ሌላ ቀን ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ ስኮትላንድስ?

መልስ፦ በ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶው እንገንጠል አንልም ብሏል። የክርክሩ ትልቁ እሾህ ፓውንዱ ነበር፤ ለንደን አብረን አንጠቀምም ስትል የነጻነት ወገኖች አጥጋቢ መልስ አላገኙም። ለመሰብሰብ ከፈለጉ ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋሐደችበት ከ1707 በኋላ ኤድንብራ የተመቱትን የንግሥት አን ሳንቲሞች ይፈልጉ፤ ከአንገቷ በታች የከተማዋ የመጀመሪያ ፊደል አለ። እዚያ መምታቱ በ1709 አበቃ።

ጥያቄ፦ በአየርላንድ ሳንቲሞች ላይ፣ ከእንስሳው በስተጀርባ ያለው በገና ከነጻነት በኋላ የመጣ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያስገባው የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ነው፣ ግን ዘውድ ደፍቶበት። የ1928ቱ በገና ባዶ ራሱን ነው። እኛ ሳንቲም ስንወረውር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንላለን፤ እነሱ «ራስ ወይስ በገና» ይላሉ። አባባሉ ራስ ከሳንቲሙ ከጠፋ በኋላም አልጠፋም። በእኛም አገር በ1969 ዓ.ም. ዘውዱ ሄዶ ጎፈሩ ብቻውን ሲቀር ልጆች አወራወሩን አልለወጡም።

ስለ ድሮው ካነሳን፣ ሁለት የአየርላንድ ሳንቲሞች ታሪክ ይናገራሉ። አንደኛው የጄምስ ሁለተኛ «የመድፍ ገንዘብ» ነው። ዙፋኑን ያጣው የእንግሊዝ ንጉሥ በ1689 አየርላንድ ገብቶ ለወታደሩ ደመወዝ ብር ሲያጣ አሮጌ መድፍና ደወል አስቀልጦ ገንዘብ አስመታ። ከዓመቱ ጋር ወሩም ተጽፎበታል፤ ሲያሸንፍ በብር ሊለውጥላቸው ነበር። በቦይን ወንዝ ተሸነፈ፣ ሕዝቡም መዳቡን ታቅፎ ቀረ።

ሁለተኛው የዊሊያም ውድ ግማሽ ፔኒ ነው። ይህ እንግሊዛዊ በ1722 ለአየርላንድ ሳንቲም የመምታት ፈቃድ ከንጉሡ ውሽማ በ10,000 ፓውንድ ገዛ። የአየርላንድ ፓርላማ አልተጠየቀም። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት የጨርቅ ነጋዴ መስሎ ደብዳቤ እያሳተመ አትቀበሉ አለ፤ መንግሥት ጸሐፊውን ለሚጠቁም 300 ፓውንድ ወሮታ ቢያቀርብም፣ ደብሊን ሁሉ እያወቀው ማንም አልጠቆመም። በ1725 ፈቃዱ ተሻረ። ሳንቲሙ ራሱ ያምራል፣ በርካሽም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ብሩን ከኒኬሉ እንዴት ልለይ? ማግኔት ይበቃል?

መልስ፦ ተጠንቀቁ። እስከ 1919 የእንግሊዝ ብር 92.5 በመቶ ንጥር ነው፣ ከ1920 እስከ 1946 ግማሽ በግማሽ፣ ከ1947 ወዲህ ብር የለበትም። የአየርላንድ ሽልንግ፣ ፍሎሪንና ግማሽ ክራውን ግን እስከ 1943 ድረስ 75 በመቶ ብር ነበሩ፤ ልጅ ከአባቷ የበለጠች ማለት ይህ ነው። የአየርላንድ ሦስትና ስድስት ፔኒ እስከ 1940 ንጹሕ ኒኬል ስለሆኑ ማግኔት ይስባቸዋል። ሳበው ብላችሁ ሐሰተኛ ነው ብትሉ እውነተኛውን ትጥላላችሁ። የ1943 ፍሎሪን ነው ብሎ ለሚያቀርብላችሁ ሻጭ ደግሞ ዓመቱን በአጉሊ መነጽር ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ፤ አብዛኛው ስለቀለጠ በጣም ውድ ነው፣ ሌላውን ፍቀው የሚሸጡ አሉ።

ጥያቄ፦ የጠቆረውን እንዴት ላጽዳው?

መልስ፦ አታጽዱት። እኔ ስጀምር አንድ የቪክቶሪያ ግማሽ ክራውን በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ አዲስ ድስት አብለጨለጭኩት። ያሳየሁት ነጋዴ አንድ ጊዜ አይቶ በብሩ ሚዛን ዋጋ ልውሰደው አለኝ። እስከ ዛሬ አልሸጥኩትም፤ መቀጫዬ ነው።

ጥያቄ፦ የሴት አያቴ ሣጥን ውስጥ ባለ አንበሳ ሽልንግ ተገኘ። የእኛ ነው?

መልስ፦ በጀርባው አንበሳ ከተራራ ፊት ቆሞ፣ በፊቱ የንጉሥ ጆርጅ ራስ ካለ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። እንግሊዞች ጣሊያንን ካስወጡ በኋላ ከ1941 እስከ 1945 በእኛ ገበያ ዞሯል፤ ከዚያ የራሳችን ብር ተተካ። በውስጡ ያለው ንጥር ብር ሩብ ያህል ነው፣ በገንዘብ ብዙ አያወጣም። ግን ከሣጥኑ አታውጡት፤ አያትዎ ያን ዘመን ያለፉበት ደረሰኝ ነው።

ጥያቄ፦ የ1933 የእንግሊዝ ፔኒ በ50 ፓውንድ ሊሸጥልኝ የሚል ሰው አለ።

መልስ፦ በዓለም ላይ ያሉት ሰባት ያህል ናቸው። ይሽሹ።

ጥያቄ፦ ለ12 ዓመት ልጄ ሁለት ሳንቲም ብቻ ልግዛለት ብል?

መልስ፦ የ1927 የእንግሊዝ ፔኒና የ1928 የአየርላንድ ፔኒ። ሁለቱም ርካሽ ነሐስ ናቸው፣ ስፋታቸውና ክብደታቸውም እኩል ነው። ደራርበው ጠርዛቸውን ብቻ ያሳዩትና የትኛው የማን እንደሆነ ይገምት። ከዚያ ይገልብጣቸው፤ አንዱ ላይ ንጉሥ፣ ሌላው ላይ ዶሮ።