በውሃ ቦይ የተከበቡ የእንግሊዝ ባላባት ግቢዎች፦ የቡድን አባላት ጥያቄና የመምህሩ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቦዩ የተቆፈረው ለጦርነት ነው?

መልስ፦ በአመዛኙ አይደለም። አብዛኞቹ የተቆፈሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ ነው። ሌባ ያግዳል፣ ዓሣ ይረባበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን የባለቤቱን ክብር ያሳያል።

ጥያቄ፦ ስለ ታሪካቸው ቢነግሩን?

መልስ፦ የየትኛው? በእንግሊዝ ብቻ 6,000 ገደማ ይታወቃሉ። ቦታ ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ያየሁት ሜዳ ላይ ያለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ነው። ቤቱ ከጠፋ የቅርስ ሕጉ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው! የሚጠበቀው መሬቱ ራሱ ነው። በግቢው ሣር ሥር የቤቱ መሠረት ሊኖር ይችላል፤ የበለጠው ሀብት ግን ከቦዩ ግርጌ ያለው ጭቃ ነው። ጭቃው ውሃ እስካልተለየው ድረስ አየር አይገባውም፤ አየር ከሌለ ደግሞ እንጨትና ቆዳ ቶሎ አይበሰብሱም። የድልድይ ምሰሶ፣ የተጣለ ጫማ፣ የእህል ፍሬ፣ የአበባ ብናኝ ሳይቀር ለዘመናት ይቆያል። ከምሰሶው ቀለበቶች ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ማወቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ቦዩ አንዴ ከደረቀ ግን ይህ ሁሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቦዩን አትንኩት!

ጥያቄ፦ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ብንፈትሽስ? ባለ መሬቱ ፈቅዷል።

መልስ፦ የእሱ ፈቃድ አይበቃም። ቦታው በ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ከተመዘገበ፣ የእንግሊዝን ቅርሶች ከሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ከሂስቶሪክ ኢንግላንድ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ መሣሪያውን መጠቀም ወንጀል ነው።

ሌላ አባል፦ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛም በውሃ የተከበበ ነው፤ ለምን አይነሣም?

ሦስተኛ አባል፦ እሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት ሥራ ነው፤ ዛሬም ጥምቀት ይከበርበታል። ከገጠር ባላባት ግቢ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሌላ አባል፦ ውሃው የባለቤቱን ክብር ማሳያ መሆኑ ያገናኘዋል።

መልስ፦ ለብቻው ተወያዩበት። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ቤቱም ቦዩም ያለበት የት እናያለን?

መልስ፦ ኬንት፣ አይተም ሞት። ግንባታው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ ነው። ከ1985 ጀምሮ ቅርሶችን የሚጠብቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የናሽናል ትረስት፣ ንብረት ነው።

ጥያቄ፦ መግቢያው ስንት ነው?

መልስ፦ እነሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የተመዘገበ ቦይ አለው። ደለሉን አስጠርጎ ዳክዬ ሊያረባበት ነው። ማጽዳት ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ ከላይ ስለ ጭቃው የጻፍሁትን አላነበብህም? ቆሻሻ የምትለው ደለል ቅርሱ ራሱ ነው! ያለ መንግሥት ፈቃድ አንድ አካፋ እንኳ እንዳያነሣ ንገረው። ቆፋሪውን ከጠራ ዛሬውኑ ያስቁመው።